ነጭ ጫማ ሸካ ላይ

ሰውየው ከአዲስ አበባ ወደ ሸካ ሲነሣ የቡና ሊቅ ነበር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ በየቀኑ ይጠጣል፤ ቡና ከየት እንደሚመጣ ቢጠይቁት ግን የሰፈሩን ሱቅ በጣቱ ከመጠቆም አያልፍም።

ቴፒን ለቅቀው ወደ ማሻ ሲያቀኑ አስጎብኚው ጫማውን አየት አደረገ። «ጋሼ፣ ቦቲ አልያዙም?»

«ጫካ ልገባ እንጂ ልዋኝ መጣሁ እንዴ!»

ልጁ ዝም አለ። ዝናብ አብዛኛውን ዓመት በማይለየው አገር ይህ ዝምታ ትርጉም አለው።

የሸካ ደን ባዮስፌር ሪዘርቭ 238,750 ሄክታር ነው፤ ዩኔስኮ በ2004 ዓ.ም. መዝግቦታል። ጎረቤቱ ከፋ በሁለት ዓመት ይቀድመዋል። ሰውየው አጥርና ትኬት ቆራጭ ሲፈልግ ቆየና «በሩ የት ነው?» አለ። በር የለም። ከመሐሉ ዛፍ አይቆረጥም፤ ዙሪያውን ቡና ይለቀማል፣ ማር ይቆረጣል፣ ኮረሪማ ይሰበሰባል፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ያርሳል፣ ይኖራል።

የቀረሮው ዛፍ አንገት ያስቀለብሳል። ገተም የተባለው ዛፍ ሲያብብ አበባው ነጭ ማር ይሆናል፤ ቀፎዎቹ ዛፍ ላይ ተሰቅለዋል። ከላይ ጉሬዛ፣ ጋቢውን እንደለበሰ ሽማግሌ፣ መንገደኛውን ይታዘባል። ሊቁ ከጥላው ሥር ቀጫጭን ግንዶች ተደግፎ ሦስት ፎቶ ከተነሣ በኋላ «ለመሆኑ ቡናው የት አለ?» አለ።

«ተደግፈውታል፣ ጋሼ።»

ፎቶውን ለሚስቱ ሊልክ ኔትወርክ ፍለጋ የቆመው ደግሞ የጉንዳን ሰልፍ ላይ ነበር። እስክስታ በትከሻ ብቻ ነው ያለ ሰው በዚያች ደቂቃ ሐሳቡን በቀየረ!

ወደ ማሻ ሽቅብ ሲወጡ መስክ የመሰለ አረንጓዴ ሜዳ ተዘረጋ። ሰውየው «አሁን ገና እግሬን ላፍታታ» ብሎ ገባ፤ እስከ ጉልበቱ። ረግረግ ነው። ዝናቡን እንደ ስፖንጅ ይዞ ለምንጮቹ በጥቂት በጥቂቱ ይለቃል፤ ውኃው በባሮ በኩል ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል። ግራ ጫማው እዚያው ቀረ፤ ካርቱም ይድረስ አይድረስ የሚያውቅ የለም።

ማታ በባዶ እግሩ ቡና ተጋበዘ። ወለሉ ላይ የተጎዘጎዘው ቄጤማ ከረግረግ የታጨደ ነው፤ ሲኒው ውስጥ የጫካው ቡና፣ ከቡናው ጋር የጫካው ኮረሪማ። ሊቁ አቦሉን ጠጥቶ ቶናውን ሲያነሣ ድንገት ብድግ አለ፤ ሲኒው ተደፋ።

«ቡናው ፈጀህ እንዴ፣ ልጄ?» አሉ የቤቱ እመቤት።

«አዎ፣ እማማ፣ ፈጀኝ» አለ፣ በሱሪው ላይ ጉንዳኑን በሁለት ጣቱ አፍኖ እንደያዘ።