በአንድ እጁ!

ወገኖቼ፣ ሥርዓት የሚባል ነገር ተሟጦ አለቀ እኮ! ሲልቨር ስፕሪንግ ልጄ ቤት ዳዊቴን ስደግም የልጅ ልጄ መጣችና «አባባ፣ ዩኒቨርሲቲያችን ሮቦት የሚሞክሩለት ሽማግሌዎች ይፈልጋል፤ ይምጡልን» አለችኝ። ሄድኩላት።

ገና ከመግባቴ ስድስት ገጽ ወረቀት አስፈረሙኝ። «በማንኛውም ሰዓት ያለ ምክንያት ማቋረጥ ይችላሉ» ይላል። በእኛ ጊዜ ውል በቃል ነበር፤ ዋስ ይጠራል፣ ይመረቃል፣ አለቀ። ክስ የሚባል አናውቅም። (የእኔ የወሰን ክርክር 12 ዓመት የፈጀው የዳኛው ጆሮ ከብዶ ነው።)

ሮቦት ያሉት ጉድ ራስ የለው፣ አንገት የለው፤ ጠረጴዛ ላይ የተተከለ ክንድ ብቻ። ዋንጫውን፣ እናንተ ብርጭቆ የምትሉትን፣ ከነውሃው አነሳና ዘረጋልኝ። በአንድ እጁ! ለሽማግሌ! እኛ ቀኛችንን በግራችን ደግፈን፣ ጎንበስ ብለን አቀብለን፣ ጠጥተው እስኪጨርሱ ቆመን እንጠብቅ ነበር። ውሃውም ያኔ ይጣፍጥ ነበር።

ይባስ ብሎ ዋንጫውን ብይዘው አልለቅም አለ። አንዲት ተማሪ «የሚለቀው ሲሳብ ነው፤ ጉልበት የሚለካ ነገር እጁ ላይ አለ። ቢቸኩል ይወድቃል፣ ቢዘገይ ሰው ይናደዳል፤ የምናጠናው እሱን ነው» አለችኝ። ለዚህ ዩኒቨርሲቲ? እናቴ በአንድ ኩርኩም ጨርሳዋለች! ደህና አድርጌ ብስበው ውሃው ጋቢዬ ላይ።

«ሮቦት» የሚለው ስም ከየት እንደመጣ ጠየቅሁ። ካሬል ቻፔክ የሚባል የቼክ ጸሐፊ በፈረንጆች 1920 ከጻፈው ተውኔት የመጣ ነው፤ «ሮቦታ» በእነሱ አፍ የግዳጅ ሥራ ነው አሉኝ። ሁዳድ በሉኛ! አባቴ የባላባት ሁዳድ ሲያርስ ኖሯል፤ አንድም ቀን ግን በአንድ እጁ ውሃ አላቀበለም።

ሃያ ጊዜ አቀበለኝ። አልሰለቸም፣ አላጉረመረመም፤ የእኔዎቹ አንዴ ስጠራቸው እንኳ ዓይናቸውን ከስልክ አያነሱም።

ሲያበቃ ደግሞ «ሮቦቱን ምን ያህል ያምኑታል? ከ1 እስከ 7 ያክብቡ» የሚል ወረቀት መጣ። እኔ ለገዛ አማቼ 3 አልሰጥም! 6 አከበብኩ። አንዷን የቀነስኩት ለጋቢዬ ነው።

ባለ 20 ዶላር ካርድ ሰጡኝ፤ ምን ሊያደርግልኝ! ሐሙስ ደግሞ ቀጥረውኛል። በዚያ በኩል የሚያልፍ ባለመኪና ካለ ያንሳኝ፤ ለአውቶቡሱ 2 እንኳ አልሰጠውም።