አግዳሚ ሊቃውንት፦ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ስለ ጌም፣ ስለ ዲሽና ስለ ሰማይ የሚሰጥ አስተያየት

አስተያየት ማለት፣ ለዚህ ጥናት ሲባል፣ አንድ ሰው ስላልተጠየቀው ጉዳይ ባልተጠየቀበት ሰዓት የሚሰጠው፣ ማስረጃ የማይቀርብበትና አንዴ ከወጣ በኋላ የማይመለስ ቃል ነው። ምዕራብ ጎጃም በበቆሎው፣ በጤፉና በበርበሬው ብዙ ጊዜ የተጠና ቢሆንም የአስተያየት ምርቱ ግን እስካሁን ተገቢውን ትኩረት ሳያገኝ ቆይቷል፤ ይህም ምርቱ አንሶ ሳይሆን ኩንታል ውስጥ ሳይገባ እዚያው በተመረተበት አግዳሚ ላይ ስለሚያልቅ ይመስላል።

ጥናቱ የሚሸፍነው ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ያለውን መንገድ፣ በመካከሉ ያለችውን ማንኩሳንና በግራና በቀኝ የተዘረጋውን ገጠር ሲሆን፣ የተመለከታቸውም ጉዳዮች የቪዲዮ ጌም፣ ቤት ውስጥ የሚታይና የሚሰማ መዝናኛ፣ እንዲሁም የሳይንስ ዜና ናቸው። መጠይቅ አልተበተነም፤ ተጠያቂዎቹ ገና ሳይጠየቁ ስለሚመልሱ ወረቀቱ ትርፍ ሆኖ ተገኝቷል።

የምርቱ ዋና መገኛ ፕሌስቴሽን ቤት ነው። ፕሌስቴሽን ቤት የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ከመንገድ ዳር ያለ አንድ ክፍል ሆኖ፣ ጥቂት ቴሌቪዥኖች፣ ከሥራቸው ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ የሚሠራቸው ማሽኖች፣ ከፊታቸው ደግሞ ለሁለት ተጫዋች የታሰበና ስድስት ሰው የሚቀመጥበት አግዳሚ ያለበት ቤት ነው። ክፍያው በጨዋታ ወይም በሰዓት ሲሆን፣ በብዙ ቦታ የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል። ከስድስቱ ተቀማጮች ሁለቱ ጆይስቲክ ይይዛሉ፤ ጆይስቲክ በስክሪኑ ላይ ያሉትን ተጫዋቾች የሚያንቀሳቅስ በሁለት እጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው። የቀሩት አራቱ ምንም አይዙም። ይህ ጥናት «አግዳሚ ሊቃውንት» የሚላቸውም እነዚህን አራቱን ሲሆን፣ አግዳሚ ሊቅ ማለት ጆይስቲክ ያልያዘና ስላልያዘም ፈጽሞ የማይሳሳት ሰው ማለት ነው።

የአግዳሚ ሊቅ አስተያየት ከድርጊቱ አንድ ሰኮንድ ዘግይቶ የሚመጣ ሲሆን፣ የታወቀው መልኩ «ስጠው እንጂ! ባዶ ነበር እኮ!» የሚለው ነው። ተጫዋቹ ለዚህ የሚሰጠው መልስ ደግሞ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ጥፋቱ የጆይስቲኩ ነው ይላል። በእርግጥ በጆይስቲኩ መዘውር ሥር ያለው የኤሌክትሪክ አካል በመፋተግ ብዛት ሲያልቅ፣ ማንም ሳይነካው ተጫዋቹን ወደ አንድ ጎን መጎተቱ በዓለም ሁሉ የታወቀ ብልሽት ነው። ነገር ግን ብልሽቱ ሁልጊዜ ከተሸናፊው ጋር መገኘቱ፣ ሁለቱ ተጫዋቾች ጆይስቲክ ሲለዋወጡም አብሮ ከእጅ ወደ እጅ መሻገሩ፣ የኤሌክትሮኒክስ ምሁራን ገና ያልደረሱበት ጉዳይ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የአራት ማዕዘንና የክብ ክርክር ይመጣል። በጆይስቲኩ ላይ ኤክስ፣ ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን የተሣሉባቸው አራት ቁልፎች ያሉ ሲሆን፣ ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በሚሠራው፣ ፔስ በተባለው የእግር ኳስ ጌም ኳስ ወደ ግብ የሚመታው በአራት ማዕዘኑ፣ ፊፋ በተባለው ሌላ የእግር ኳስ ጌም ግን በክቡ ነው። በፔስ ክቡ፣ በፊፋ ደግሞ አራት ማዕዘኑ ኳስን ከፍ አድርጎ ማሻገሪያ ነው። በመሆኑም በፔስ ያደገ ልጅ ፊፋ ላይ ሲቀመጥ፣ በፊፋ ያደገውም ፔስ ላይ ሲቀመጥ፣ ብቻውን ከግብ ጠባቂው ፊት ደርሶ ኳሷን ማንም ወደሌለበት ሰማይ ይሰዳታል። የጎጃም ሰው በሊቃውንት ወገን ለይቶ መከራከር አይከብደውም፤ ዋሸራና ጎንጅ በቅኔ መንገድ ተለያይተው ደቀ መዝሙር ሲያፈሩ የኖሩበት አገር ነውና፣ የክብና የአራት ማዕዘን ትምህርት ቤቶችም እዚህ ሥር መስደዳቸው እንግዳ ነገር አይደለም። ሁለቱም ጨዋታዎች ቁልፎቹን በፍላጎት ማለዋወጫ ገጽ አላቸው፤ ያንን ገጽ መክፈት ግን ክርክሩን በግማሽ ደቂቃ ስለሚጨርሰው የሚከፍተው ሰው እምብዛም አይገኝም። ኮናሚ በ2014 ዓ.ም. የፔስን ስም ኢፉትቦል ብሎ ቢለውጥም፣ ፊፋም ከመስከረም 2016 ዓ.ም. ወዲህ በዚያ ስም መታተሙ ቢቀርም፣ ውሳኔዎቹ ቡሬ ላይ እስካሁን አልጸደቁም።

ስለ ቪዲዮ ጌም የሚሰጠው ሌላው አስተያየት የእናቶች ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ራስን መግዛት እስኪያቅት ጌም መጫወትን በበሽታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶ በግንቦት 2011 ዓ.ም. ያጸደቀ ሲሆን፣ መዝገቡ ሥራ ላይ የዋለው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። የፍኖተ ሰላም እናቶች ግን ይህንን ምርመራ ከጄኔቭ ቀድመው፣ ያለ ጉባኤና ያለ ድምፅ ብልጫ አጽድቀውት ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የጊዜ ነው፤ ድርጅቱ ምልክቱ እንደ ደንቡ ቢያንስ ለ12 ወር እንዲታይ ሲጠይቅ፣ እናት ግን ልጁ በርበሬ ሊያስፈጭ ወጥቶ እስኪመሽ መቅረቱ ይበቃታል። ሕክምናውም እንዲሁ የተለየ ሲሆን፣ «አንተ ልጅ፣ ዓይንህ ይጠፋል!» ከሚለው ማስጠንቀቂያ ይጀምርና ወደ ኩርኩም ያልፋል። በአንጻሩ በአሜሪካ አገር ሁለት ተመራማሪዎች በ1995 ዓ.ም. ኔቸር በተባለው መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ የፍልሚያ ጌም የሚጫወቱ ሰዎች በዓይናቸው ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ የመከታተል ችሎታቸው ከማይጫወቱት በልጦ ተገኝቷል። ይህንን ጥናት እኩለ ሌሊት ቤት ደርሶ በር ላይ ለማቅረብ የደፈረ ልጅ ስለመኖሩ የተመዘገበ ነገር የለም።

ከላይ የተገለጸው ሁሉ የሚካሄደው መብራት ባለበት ሰዓት ነው። የጥናቱ ዋና ግኝት የተገኘው ግን መብራት ሲሄድ ነው። ማንም ሊገምት የሚችለው ስክሪኑ ሲጠፋ ስለ ስክሪኑ የሚሰጠው አስተያየትም እንደሚጠፋ ሲሆን፣ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ጨዋታው በ70ኛው ደቂቃ ላይ ሲቋረጥ አራቱ አግዳሚ ሊቃውንት የቀረውን 20 ደቂቃ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ይተርኩታል፤ ማን እንደሚያገባ፣ ማን በቀይ እንደሚወጣ፣ ዳኛው የት ላይ እንደሚያዳላ ሁሉ ተለይቶ ይታወቃል፤ ሁለቱ ተጫዋቾችም ላልተጫወቱት ጨዋታ ማን ይክፈል በሚለው ላይ ይጣላሉ። የንግግሩን ሥርዓት ለመረዳት የአገራችንን የሰንጠረዥ ጨዋታ ማስታወስ ይጠቅማል። በጥንቱ የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ወረራ የሚባል ምዕራፍ ነበረ፤ በዚህ ምዕራፍ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ በአንድ ጊዜ ያሻቸውን ያህል እየተንቀሳቀሱ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፣ በተራ መጫወት የሚጀምሩትም ከመካከላቸው አንዱ የሌላውን የመጀመሪያ ጠጠር ሲበላ ነው። ጨለማ ውስጥ በተቀመጠው አግዳሚ ላይም ሁሉም በአንድነት ይናገራል፤ ከሰንጠረዡ የሚለየው ማንም የማንንም ጠጠር ስለማይበላ ተራ የሚባለው ነገር ጨርሶ አለመድረሱ ነው።

ከዚህም የሚከተለው ሕግ ተቀርጿል፦ የአስተያየት ጽናት ነገሩን ከማየት ጋር በተቃራኒ ይሄዳል። ማለትም አስተያየት ሰጪው ያየው ባነሰ ቁጥር የተናገረው ይጸናል፤ ምንም ያላየ እንደሆነ ደግሞ ይምላል።

ሕጉ በቤት ውስጥ መዝናኛም ሲፈተን ያው ሆኖ ተገኝቷል። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲታተም ማንኩሳን የዋናው ባለ ታሪክ የበዛብህ ትውልድ ቦታ አድርጎ በመላው አገር ያስተዋወቃት ሲሆን፣ መጽሐፉ በኋላ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተረክ ደግሞ መጽሐፉን ያላነበበውም ሁሉ ባለ አስተያየት ሆነ። መንገደኛ ማንኩሳ ላይ ወርዶ ቢጠይቅ፣ በደራሲው ሐሳብ ውስጥ ብቻ የነበረውን የበዛብህን ወላጆች ቤት በእጁ የሚጠቁመው ሰው ቢያገኝ አይደነቅ፤ ሰውየው ገጹን ስላልገለጠ ጥርጣሬ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም።

በ2008 ዓ.ም. ሥርጭት የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ፣ «ይህ ነገር ባህል ያጠፋል» የሚል አስተያየት ከአዲስ አበባ የጥበብ ሰዎች አንሥቶ እስከ ገጠር ጠላ ቤት ተሰምቶ ነበር። በዚህ ወቅት የማያይ ተከታታይ ተመልካች የሚባለው ዓይነት ሰው በብዛት ታይቷል። እንዲህ ያለው ሰው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ጃኖውን ተከናንቦ «እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላይም» ይላል፤ ሚስቱ ትናንት ያመለጣትን ክፍል ስትጠይቅ ግን ማን ማንን እንደከዳ፣ በምን መኪና እንደሸሸና ምን ለብሶ እንደነበረ በቅደም ተከተል ይነግራታል። እዚህ ላይ ሕጉ የተጣሰ ቢመስልም አልተጣሰም፤ ሰውየው ባየው ነገር ላይ አስተያየት አልሰጠም፣ መረጃ ብቻ ነው የሰጠው።

ስለ ዲሽ የሚባለው አጭር ነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች በስፋት ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ ናይልሳትን ለመቀበል ወደ ምዕራብ ያዩ የነበሩ ሳህኖች በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ወዳለው ሳተላይት ፊታቸውን እንዲያዞሩ ግድ ሆነ። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚቆም ስለሆነ፣ ሳህኑ ጥቂት ዲግሪ ቢያዘነብል ምስሉ ይጠፋል። አንዱ ጣሪያ ላይ፣ አንዱ በር ላይ፣ አንዱ ቴሌቪዥኑ ፊት ሆነው «ያዘ?»፣ «ሄደ!»፣ «መጣ! አትንካው!» እየተባባሉ የሚሠሩት ሥራ ሦስት ሰው ይበቃው ነበር፤ በተግባር የሚገኘው አሥራ ሁለት ሲሆን፣ ከሁሉ በላይ የሚያዝዘውም በመንገድ የሚያልፈው ነው። በክረምት ከባድ ዝናብ የሳተላይቱን ሞገድ ውጦ ምስሉን ሲቆራርጥ ደግሞ ጎረቤቱ ጥፋቱን ሳህኑ ላይ ባረፈችው ርግብ ያላክካል።

የሳይንስ ዜና ከሁሉ የራቀ ነገር ስለሆነ በሕጉ መሠረት ከሁሉ የጸና አስተያየት ያለው በእርሱ ላይ ነው። የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ኩንታል በቆሎ ያነሰ ነበር፤ ሥራዋም እርሻን፣ ደንን፣ ውኃንና የአየር ሁኔታን ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ከፍታ ሆና ፎቶ ማንሣት ሆኖ፣ ሁለት ዓመት እንድታገለግል ታቅዳ ነበር። በገጠሩ ግን ሌላ ሥራ ተሰጣት፤ ድንበር ገፍቶ ያረሰን ጎረቤት ለይታ ታያለች ተባለ። ካሜራዋ ሰውን ከሰው ቀርቶ ሰውን ከበሬ የሚለይ አልነበረም፤ ይሁንና የታቀደላት ዘመን ካለፈ በኋላም በድንበር ክርክር መካከል «ከላይ የምታይ አለች እኮ፣ አያ!» ሲባል ተከራካሪው አንድ ጊዜ ቀና ብሎ ሰማዩን ማየቱ አልቀረም። በአገልግሎት ዋጋዋ ይህን ያህል ያስገባች ሳተላይት በሌላ አገር መኖሯ ያጠራጥራል።

እሑድ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ፀሐይ በጨረቃ ስትጋረድ፣ በላሊበላ ሰማይ ጨረቃ በፀሐይ መካከል ገብታ የእሳት ቀለበት የሚመስል ብርሃን ብቻ ቀርቶ የታየ ሲሆን፣ በጎጃምም የፀሐይዋ አብዛኛው ክፍል ተሸፍኖ ነበር። ባለሙያዎች ያለ ልዩ መነጽር ቀና ብሎ ማየት ዓይንን እንደሚጎዳ አስቀድመው አስጠንቅቀዋል። ምክሩን የሰማው ቤቱ ዘግቶ ተቀመጠ፤ በመሆኑም ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ስለ ግርዶሹ ረዥሙን፣ ዝርዝሩንና የማያወላውለውን ትረካ የሰጡት እነዚሁ ቤታቸውን ዘግተው የዋሉት ናቸው። በመነጽር ያዩት «ጨለም አለ፣ ቆይቶም በራ» ከማለት አላለፉም።

ለሕጉ የመጨረሻው ፈተና ቀኑ ተቆርጧል። ሰኞ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ከግብፅ እስከ የመን ፀሐይን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ግርዶሽ ሲያልፍ፣ በኢትዮጵያም ከቀትር በኋላ በከፊል ይደርሳል። ወሩ ሐምሌ ስለሆነ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ምንም ሳይታይ የሚያልፍበት ዕድል ከፍ ያለ ነው፤ ስለዚህ በታሪክ ከተመዘገቡት ሁሉ የላቀ የአስተያየት ምርት ይጠበቃል፣ አግዳሚም ከወዲሁ መያዝ ይኖርበታል።