ጥርስህን ንቀልልኝ

አሜሪካ የሚኖር ዘመድ የሚያመጣው ስጦታም ዘመን አለው። በአንድ ወቅት ሽቶና ካልሲ ነበር፤ ቀጥሎ ቫይታሚን መጣ፤ ከዚያ የደም ግፊት መለኪያ። አሁን ተራው የጥርስ ሆኗል። ሻንጣው ተከፍቶ፣ ቸኮላቱ ለልጆች ታድሎ፣ ቲሸርቱ «ይጠበኛል» ተብሎ ከተመለሰ በኋላ፣ ከሥር አንዲት ነጭ ካርቶን ትወጣለች። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጥርስ ብሩሽ። ያመጣችው እህትህ ዋጋውን አትነግርህም፤ ብቻ «ውድ ነው፣ ተጠንቅቀህ ያዘው» ብላህ ጥርስህን አየት ታደርጋለች። ስድብ መሆኑ የሚገባህ ማታ ነው።

የምላችሁ ፒያሳና ዙሪያው በ2016 ፈርሶ ጎረቤት ሁሉ በየኮንዶሚኒየሙ ሳይበተን በፊት የሆነውን ነው። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድ ብሎ ያለው ግቢያችን አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪና ብዙ አባወራ ነበረው። እንዲህ ባለ ግቢ ጥርስ ማጽዳት የግል ጉዳይ አይደለም። ጠዋት ሁሉም መፋቂያውን ከአፉ ጥግ ሰክቶ ቧንቧው ዙሪያ ይቆማል፤ የሞተው ይነሳል፣ የተጋባው ይወሳል፣ የመንግሥት ሥራ ይገመገማል። መፋቂያ ወሬ አያቋርጥም። ልምጩን ወይም ወይራውን በግራ መንጋጋ አቆይተህ ሰው ማማት ትችላለህ፤ እንዲያውም ሐሜቱ ሲሞቅ ፍቅፋቁም ይጠብቃል። ቤት ያልጨረሰ ሰው መንገድ ላይ ይቀጥላል፤ ድልድዩን ተሻግሮ መርካቶ እስኪደርስ ጥርሱን የሚፍቅ ነጋዴ አይቶ የሚገረም አልነበረም።

ማሽኑ ግን ዝም ያሰኛል። መጀመሪያ አፍህ ውስጥ ከትተህ ከንፈርህን ገጥመህ ነው የምታስነሳው፤ ከአፍህ ውጭ ካስነሳኸው ኮልጌቱ ጎረቤት ላይ ይረጫል። አንዴ ከተነሳ ጣሳ ውስጥ እንደታሰረ ጢንዚዛ ነው፤ እሱ እየጮኸ አንተን ዝም ያሰኝሃል። ሁለት ደቂቃ ይሠራል፤ በየ30 ሰከንዱ ነዘር አድርጎ «ወደ ሌላው ጎን እለፍ» ይልሃል። አፍህን አራት ቀጠና ከፍሎታል ማለት ነው። መጫን አያስፈልግም፣ ጥርሱ ላይ አሳርፎ ቀስ እያሉ ማሳለፍ ብቻ። ይሄ ነው የከበደው። በወይራ ያደገ እጅ ካልተጫነ የሠራ አይመስለውም፤ ስትጫነው ደግሞ የሚደማው ድድህ ነው።

እኔ ዝም ብዬ ስቆም ግቢው ዝም አላለም። «ምን ነካው?» ይላል አንዱ። «ጥርሱን እየፈጨ ነው» ይላል ሌላው። የግቢያችን ትልቅ፣ እማማ የምንላቸው እናት፣ ጠጋ ብለው ካዳመጡ በኋላ «እጅህን ምን አመመህ ልጄ?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው የዋዛ እንዳይመስላችሁ። ይህን ብሩሽ እ.ኤ.አ. በ1954 ስዊዘርላንድ ውስጥ የፈለሰፈው ፊሊፕ ጊ ዎግ የሚባል ሰው ነው፤ ሲጀመር የታሰበውም እጃቸው እንደ ልብ ለማይታዘዝላቸው ሕሙማንና ጥርሳቸው ላይ ማቃኛ ሽቦ ላሰሩ ሰዎች ነበር። ለጤነኛ ሰነፍ የተዳረሰው ኋላ ነው። እማማ ስዊዘርላንድን ካርታ ላይ አያውቋትም፤ ነገሩን ግን ከፈልሳፊው እኩል ተረድተውታል።

ጥቅም የለውም እንዳልል ደግሞ ማስረጃው አፍ ያስይዛል። ኮክሬን የተባለው የጥናት መርማሪዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2014 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ ሲመዝን፣ የኤሌክትሪኩ ብሩሽ ከሦስት ወር በላይ ሲሠራበት ከእጅ ብሩሹ ይልቅ ጥርስ ላይ የሚጋገረውን ቆሻሻ በ21 በመቶ፣ የድድ ቁጣን በ11 በመቶ ይቀንሳል ብሏል። ሃያ አንድ በመቶ ቅናሽ መርካቶ ውስጥ ምለህ ተገዝተህም አታገኝም። መፋቂያ ግን በዚያ ውድድር አልተሰለፈም፤ ቢሰለፍ ኖሮ እማማ ይዳኙ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ገደማ ነው፤ የእኛ 220። የዚያን አገር ብቻ አስቦ የተሠራ ቻርጀር እዚህ ግድግዳ ላይ ሲሰካ አቅሙ ከሚችለው እጥፍ ገደማ ይጋታል፤ በውስጡ ያለው የመዳብ ጥቅልል ይግላል፣ ይሸታል፣ ያርፋል። የእኔው ቻርጀር ቂጥ ላይ በዝንብ እግር የሚያህል ጽሑፍ «ከ110 እስከ 130» ይላል። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ መርካቶ መውጫ ሬዲዮና ካውያ ለሚጠግን ባለሙያ አሳየሁት። አገላብጦ አየና «ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል» አለኝ፤ ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ ያወጣውን ብረት በሁለት እጁ ነው ያነሳው። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ በ1900 የጦር ሚኒስትር ሲሆኑ ከተረከቡት መሣሪያ አንዱ ቢሆን አይደንቀኝም። ትንሿን ብሩሽ ለመመገብ ያንን ተሸክሜ ገባሁ። እህቴ በስልክ «ውሃ በኃይል እየረጨ በጥርስ መሀል የሚገባም አለ፣ እሱን ልላክልህ?» ብትለኝ፣ ቧንቧችን ውሃ የሚያየው በፈረቃ መሆኑን ነግሬ ተገላገልኩ። ያንን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1962 ኮሎራዶ ውስጥ ለገበያ ያበቁት አንድ የጥርስ ሐኪምና አንድ የውሃ መሐንዲስ ናቸው። እኛ የጎደለን ከሁለቱ ሁለተኛው ነው።

ብሩሹ ቻርጅ ይይዛል፤ ለሳምንት፣ ከዚያም በላይ። ይህ በጎ ጠባዩ ነው ያጣላኝ። አንድ ማለዳ ሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፍቶበት ሳለ ጥርሴን ማጽዳት ጀመርኩ። ድምፁ ሲሰማ ከማዶ ቤት «መብራት መጣ!» የሚል እልልታ ተነሳ፤ ልጆቹ ቴሌቪዥን ሊከፍቱ ሮጡ፤ እማማ ሊጡን ይዘው ከምጣዳቸው ፊት ተሰየሙ። መብራት አልመጣም። አፌን ሞልቶ አረፋ ነበርና ማስረዳት አልቻልኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔና ምጣዳቸው ባላንጣ ሆንን።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ተኩል፣ አራት ኪሎ ዋት ይበላል። እሱ ሲሰካ የግቢው ቆጣሪ እንዳይጥል ሌላው ሁሉ መነቀል አለበት፤ ሕጉ እማማ ያወጡት ነው። እናም ረቡዕና ቅዳሜ ጠዋት በሬ ላይ ይቆሙና ይጣራሉ፦

«አንተ! ጥርስህን ንቀልልኝ፣ ልጋግር ነው!»

እንግዳ የሚሰማው ደንግጦ ነው። እኔ ግን ወጥቼ ልከራከር ሞከርኩ። «እማማ፣ የእኔ ቻርጀር እኮ አንድ፣ ሁለት ዋት ነው። በእርስዎ ምጣድ የሚሠራ ሺህ ብሩሽ ነው።»

«ብሩሹን ማን አለህ?» አሉ፤ ጣታቸው ወደ ትራንስፎርመሩ ነበር። «ያ ጥቁሩ ነው እንጂ! እጄን ጣል አደረግሁበት፤ ብሩሽህ ሳይኖርበትም ይሞቃል። ሙቀቱን ማን ነው የሚከፍለው?»

ባለሙያውም ቢጠየቅ ከዚህ የተሻለ አይመልስም፤ ያንን የመሰለ ትራንስፎርመር ሥራ ፈትቶም መብራት ይበላል። ወር ሲያልቅ እማማ የመብራቱን ሂሳብ በየቤቱ አከፋፈሉ፤ በእኔ ስም ትይዩ አንድ ተጨማሪ መሥመር ተጽፎ አገኘሁ፤ «የጥርስ» ይላል። ስንት እንደሆነ ጠይቄ ስሰማ ከልጆቻቸው ትምህርት ቤት ክፍያ የተረፈው ሁሉ እኔ ላይ የተደመረ መሰለኝ።

«ይሄ ይበዛል እማማ» አልኩ።

«አይበዛም» አሉ፣ መፋቂያቸውን ከቀኝ ወደ ግራ አዛውረው። «ሠላሳ ሁለት ናቸው። ስንቱ የራስህ እንደሆነ ካሳየኸኝ እቀንስልሃለሁ።»