ሁሉም አሰልጣኝ የሆነበት ሚኒባስ

ቅርጫት ኳስ ተጫውቻለሁ ስል ሰው ቁመቴን አይቶ ዝም ይላል። አይፈረድበትም። በወጣትነቴ የአንድ የአዲስ አበባ ቡድን መለያ ለብሼ ብዙ ጨዋታ ገብቻለሁ፤ የገባሁት ግን ወደ ግቢው እንጂ ወደ ሜዳው አልነበረም። ተጠባባቂ ነበርሁ። ተጠባባቂነት ደግሞ እንደሚወራው ከንቱ አይደለም። ሜዳ ውስጥ ያለው ኳሱን ያያል፣ ተመልካቹ ቀለበቱን ያያል፤ አሰልጣኙን አንድ ሙሉ ጨዋታ ቁጭ ብሎ የሚያየው ተጠባባቂው ብቻ ነው። አሰልጣኛችን ሲናደድ በእግሩ የሚጠልዘው የውኃ ኮዳ የት እንደሚያርፍ፣ ሲጨንቀው የትኛውን ጆሮውን እንደሚያክ፣ ማንን ሰድቦ ማንን እንደሚያልፍ ጠንቅቄ አውቅ ነበር። ኋላ ላይ «የአሰልጣኞች አሰልጣኝ» ለመባል ያበቃኝ ሌላ ዕውቀት የለኝም።

ታዲያ አንድ ማኅበር፣ ስሙ ይቆየን፣ «ላሊበላ ሂድና ለስፖርት መምህራን የቅርጫት ኳስ አሰልጣኝነትና የአመራር ሥልጠና ስጥልን» አለኝ። አንድ ፕሮጀክተርና ከአውሮፕላን ማረፊያው ሚዛን ጋር ያጣላኝ የተባዛ ጽሑፍ አሸክሞ ላከኝ። ጽሑፉ ራእይ አለው፣ ተልእኮ አለው፣ እሴት አለው፣ ቀስት ክቡን እየዞረ ራሱን የሚያሳድድበት ሥዕልም አለው። ገና ፕሮጀክተሩን ስንሰካው መብራት ጠፋ። በወረቀቱ ቀጠልን። ጥቂት እንደሄድን ከከተማው ራቅ ካለ ትምህርት ቤት የመጣ ቀጭን መምህር እጁን አወጣ።

«ጋሼ፣ ይኼ እዚህ የተጻፈው ልምምድ ስንት ኳስ ይፈልጋል?»

«ለሁለት ልጅ አንድ ኳስ ይላል።»

«እኛ ለትምህርት ቤቱ ነው አንድ ያለን። እሱም ተጠግኖ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። መምህሩ ግን ቀልድ አልነበረም የያዘው። ትምህርት ቤታቸው አምባ ላይ ነው፤ የሜዳው አንድ ጎን የሚያልቀው ገደል ላይ ነው። ያልተያዘ ኳስ ቁልቁል ይንከባለልና ወንዝ ነው የሚገኘው። ደንባቸው ደግሞ ግልጽ ነው፦ ኳሱን ያበላሸ ልጅ ወርዶ ያመጣል፤ ሌላው ተቀምጦ ይጠብቃል። «ስለዚህ የእኔ ልጆች የሚያቀብሉትን ልጅ ዓይን ሳያዩ ኳስ አይለቁም» አለን። እኔን ያሰለጠነኝ ሰው ይህንኑ ነገር ጉሮሮው እስኪደርቅ ጮኾ ሊያስተምረን አልቻለም ነበር። ገደሉ ያለ አንዳች ቃል አስተማረው።

እዚህ ላይ ወረቀቱን አጥፌ ስለ ጄምስ ናይስሚዝ አወራኋቸው። ካናዳዊ ነው፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1891 አሜሪካ ውስጥ፣ ማሳቹሴትስ ስፕሪንግፊልድ በሚገኝ የወወክማ ማሰልጠኛ የስፖርት መምህር ነበር። ክረምቱ በረዶ ነው፣ ውጭ መጫወት አይቻልም፣ ክፍሉ ውስጥ ያሉት 18 ጎረምሶች ጂምናስቲክ ሰልችቷቸው መምህር እያባረሩ ነው። አለቃው ሉተር ጉሊክ 14 ቀን ሰጠውና አዲስ ጨዋታ ፍጠር አለው። ናይስሚዝ የግቢውን ሠራተኛ ሁለት ሣጥን ለመነ፤ ሣጥን አልነበረም፤ የኮክ ማስቀመጫ ሁለት ቅርጫት ተሰጠው። ሰገነቱ ላይ ቸነከረው። ዛሬ በዓለም ሁሉ ቀለበቱ 3.05 ሜትር ላይ የሚሰቀለው የዚያ ሰገነት ቁመት ያ ስለነበረ ነው። ልጆቹ 18 ስለሆኑ ዘጠኝ ለዘጠኝ ተጫወቱ። ቅርጫቱ ቂጥ ስላለው ነጥብ በገባ ቁጥር ሰው በመሰላል ወጥቶ ኳሱን ያወጣ ነበር። ይዞ መሮጥ ክልክል፣ እያነጠሩ መሄድም ገና ያልታሰበ፤ ማቀበል ብቻ። እንግዲህ ይህን ጨዋታ የፈጠረው አንድ ኳስና አስቸጋሪ ክፍል የነበረው የስፖርት መምህር ነው። እዚህ ላስታ ውስጥ ስንት ናይስሚዝ እንዳለ ቁጠሩ።

ኋላ ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ አሰለጠነ፤ 55 አሸንፎ 60 ተሸነፈ። በዩኒቨርሲቲው የወንዶች ቅርጫት ኳስ ታሪክ ሽንፈቱ ከድሉ የበለጠ አሰልጣኝ እሱ ብቻ ነው። ይህንን ስነግራቸው ከላይ እስከ ታች ፊታቸው በራ። አሰልጣኝን እንዲህ የሚያጽናና ታሪክ ሌላ አላውቅም።

እሑድ ሲሆን «ላስታ መጥተው ይምርሐነ ክርስቶስን ሳይሳለሙ አይመለሱም» ብለው ሚኒባስ ተከራዩልኝ። ከላሊበላ በመኪና 42 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል። ጥቅምት ገብቷል፤ ዝናቡ ግን አልሰማም። ደርዘን የምንሆን አሰልጣኞች ተሳፍረን፣ ሹፌሩንና ረዳቱን ይዘን፣ ሽሮና ዳቦ በልተን ወጣን። ከመንገዱ ከግማሽ በላይ እንደሄድን አንድ ለስላሳ ቦታ ላይ የኋላ ጎማው ሰመጠ።

ወረድን። ከዚያ በኋላ የሆነውን ወረቀቱ ውስጥ ባስገባው ኖሮ ሥልጠናው በአንድ ጠዋት ያልቅ ነበር። ደርዘን አሰልጣኝ፣ አንድም ተጫዋች የለም! አንዱ «ወደ ኋላ!» ይላል፣ አንዱ «መሪውን ወደ ግራ ስበር!»፣ ሌላው «መጀመሪያ ሰው ከፊት ይግፋ!»። አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ አንድ ድምፀ ጎርናና ባልደረባችን (እሑድም ፊሽካውን አያወልቅም) ሁሉንም አሸነፈና «ነዳጅ ስጠው!» ብሎ ጮኸ። ሹፌሩ የሰማው እሱን ብቻ ነበር፤ ሰጠው። ጎማው ዞረ፣ መኪናው ባለበት ቀረ፣ ጭቃው ግን ተነሥቶ እኔ ላይ አረፈ። ነጭ ቱታ ነበር የለበስሁት።

ረዳቱ ልጅ ነው። ዕድሜው ከመምህራኑ ተማሪዎች አይበልጥም። ጫማውን አወለቀ፣ ጎማውን ጎንበስ ብሎ አየ፣ ዞሮም የፊቱን አየ። ከዚያ ባለፊሽካውን ክንዱን ይዞ «ጋሼ፣ እርስዎ ጠንካራ ነዎት፤ ያንን ድንጋይ» አለው። ለሌሎች ሁለት «እናንተ ቅጠል»። ለአንዲት መምህርት «እትዬ፣ ሹፌሩ ጋ ቁሚና እጄን ሳነሣ ብቻ ንገሪው»። ለቀሪዎቻችን ከኋላ ቦታ ቦታችንን አሳየን። ድንጋዩና ቅጠሉ እስኪገባ ድረስ ምንም አልተናገረም። እጁን አነሣ። ወጣን።

«ይህን ልጅ ማን አሰለጠነው?» ብዬ ብጠይቅ ሹፌሩ «ጭቃ» አለኝ። ከዚህ በላይ ግን መኪናዬን አልነዳም ብሎ እዚያው ቆመ። ቀሪውን በእግር ሄድን፤ ለእኔ ከአንድ ገበሬ በቅሎ ለመኑልኝ። በቅሎ ሰፊ መንገድ ትቶ የገደሉን ጠርዝ ጠርዙን ለምን እንደሚመርጥ የሚያስረዳኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም። ያን ቀን የወረቀቱን ሥዕል ሳይሆን የልጅነት ጸሎቴን ነበር የማስታውሰው።

ጥዱ ደን ውስጥ ወጥተን ዋሻው አፍ ደረስን። ይምርሐነ ክርስቶስ ከላሊበላ በፊት የነገሠ የዛጉዌ ንጉሥ ነው፤ ንጉሥም ቄስም። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ላሊበላዎቹ ከዓለት የተፈለፈለ አይደለም፤ በዋሻው ውስጥ የታነጸ ሕንፃ ነው። አንድ ረድፍ እንጨት፣ አንድ ረድፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ እንደገና እንጨት፤ የአክሱሞች አሠራር ነው። ከሥሩ መሬቱ ውኃ አዘል ስለሆነ በወይራ እንጨት ላይ እንደተመሠረተ ይነገራል። ከበስተኋላ በጨለማው ውስጥ የብዙ ሰው አፅም ተከምሯል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1520ዎቹ የመጣው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይህን ቦታ አይቶ ጽፎለታል። ባለፊሽካው እንኳ እዚያ ሲደርስ ፊሽካውን ኪሱ ከተተ።

ከተሳለምን በኋላ ጥዱ ሥር ቆሎ እየቆረጠምን የተነሣው ክርክር ከቆሎው ይጠነክር ነበር። ባለፊሽካው «ቁጣ ከሌለ ልጅ አይሰማም» አለ። «የሯጮቹ አሰልጣኝ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ኮስታራ አልነበሩም?» ነበሩ። ግን ኃይሌና ቀነኒሳ የሰሟቸው ስለተቆጡ ነው ወይስ የሚናገሩትን ስለሚያውቁ? እኔ ሁለተኛው ይመስለኛል። በቆጂ ላይ የስፖርት መምህሩ ስንታየሁ እሸቱ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ከትምህርት ቤት ሜዳ ሲያነሣ የነበረው ሀብት ዓይንና ትዕግሥት ነው።

የጆን ውደንንም ነገርኋቸው። ዩ.ሲ.ኤል.ኤ. የተባለውን የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ይዞ በ12 ዓመት 10 ጊዜ የአገሪቱን ዋንጫ የወሰደ ሰው ነው። የዓመቱ የመጀመሪያ ትምህርቱ ካልሲ አደራረግ ነበር፤ የተጨማደደ ካልሲ እግር ያቆስላል፣ የቆሰለ እግር ልምምድ ያስቀራል። በመጨረሻው የውድድር ዘመኑ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ልምምዱ ላይ ተቀምጠው የሚለውንና የሚያደርገውን ሁሉ መዘገቡ፤ 2,326 ሆነ። ሦስት አራተኛው ያህል ምን እንደሚደረግና እንዴት እንደሚደረግ የሚናገር ነበር። ምስጋናውም ወቀሳውም እያንዳንዳቸው ከመቶ 7 ያህል ብቻ። ባለፊሽካው ቆሎውን ዋጥ አድርጎ «እኔ ብመዘገብ ቀሪው ሁሉ ወቀሳ ነው» አለ። ማንም አልተቃወመውም።

ማግስቱን ፕሮጀክተሩ መብራት ቢያገኝም አልከፈትነውም። የከተማውን ትምህርት ቤት ልጆች ሜዳ ላይ አወጣንና አሰልጣኞቹን አንድ በአንድ የዕረፍት ሰዓት አስጠየቅናቸው። በዓለም አቀፉ ሕግ የዕረፍት ሰዓት 60 ሴኮንድ ነው። እኔ ሰዓት ይዤ ከልጆቹ ጀርባ ቆምሁ። ባለፊሽካው የሚበልጠውን ጊዜ ስላለፈው ስሕተት ፈጀው፤ ከዚያ ስለ መከላከል፣ ስለ ቅብብል፣ ስለ አገር ፍቅር ተናገረ። ልጆቹ ወደ ሜዳ ከመመለሳቸው በፊት አስቁሜ «ምን አሉ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ «ሩጡ አሉ»። ሌላው «አትሩጡ አሉ»። የመጨረሻዋ ልጅ አሰብ አደረገችና «ተናደዋል» አለች።

የገደሉ መምህር ተራ ሲደርስ ተንበረከከ፤ ልጆቹን ውኃ እስኪጠጡ ጠበቃቸው። «ረጅሟን ልጅ ማን ነው የያዛት?» አለ። አንዲቷ እጇን አነሣች። «ብቻሽን አይደለሽም፤ ኳሱ ወደ እሷ ሲሄድ አንተ ትመጣለህ» ብሎ አንዱን ልጅ ነካው። ይኸው ነው። ጊዜ ተርፎታል። ስንጠይቃቸው ሁሉም አንድ ነገር አሉ፤ ረጅሟም ልጅ ከዚያ በኋላ በቀላሉ ነጥብ አላገባችም። ባለፊሽካው ይህን አይቶ «እንደገና ልሞክር» ብሎ ተሰለፈ። በሁለተኛው ሙከራው ልጆቹ ካወሩት ከግማሽ በላዩ ተመሳሰለ፤ ለሱ ትልቅ ነገር ነው።

የተባዛው ጽሑፍ ላሊበላ ቀረ። ጀርባው ባዶ ስለሆነ የጨዋታ ንድፍ መሳያ እንደሚሆናቸው ነግረውኛል። ለሥልጠና ወደ ክፍለ አገር የምትሄዱ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ፦ የሻንጣችሁን ኪሎ ለኳስና ለመንፊያ አውሉት። አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊትም የሰውየውን አንድ ሙሉ ልምምድ፣ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ፣ እዩለት።