በጣም እስማማለሁ

እቴጌ እሌኒ ያሳዝኑኛል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጎጃም፣ መርጡለ ማርያም ላይ ያን ሁሉ የተጠረበ ድንጋይ አስደርድረው ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ ኤምቢኤ አልነበራቸውም። ሃርቫርድ ትምህርቱን የጀመረው በ1908 እ.ኤ.አ. ነውና አራት መቶ ዓመት ያህል ቀደሙት። ጥንካሬ፣ ድክመት፣ ዕድል፣ ስጋት ብለው አራት ሳጥን ሳይሥሉ፣ ባለድርሻ አካላትን አዳራሽ ሰብስበው አበል ሳይከፍሉ አሠሩት። ፍርስራሹ እስከ ዛሬ የሚታየው መቼም በአጋጣሚ ይሆናል እንጂ በአስተዳደር ብቃት ሊሆን አይችልም።

ዛሬ ተመስገን ነው። የዚያው ወረዳ ባለሙያ ዓርብ ከቀትር በኋላ ቦርሳውን አንግቶ ለኤምቢኤ ትምህርት በጉንደወይን በኩል ውልቅ ይላል፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ። ቅዳሜ የቶዮታን አመራረት፣ እሁድ የኮካ ኮላን ገበያ ይማራል። ሰኞ ባለጉዳይ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል፤ እሱ ገና መንገድ ላይ ነው። ታዲያ ሰውዬው ሥራውን ለቆ ንግድ ሊጀምር ነው ብላችሁ እንዳትሰጉ። ቢዝነስ የሚያጠናው ከቢዝነስ ለመዳን ነው። የሚፈልገው መደብ ማስታወቂያ ላይ «ሁለተኛ ዲግሪ» የሚል ተጽፏል፤ እሱም የተጻፈውን ያሟላል። ደግሞስ ምን ነውር አለው? መለስ ዜናዊም አገር እየመሩ ከእንግሊዙ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ በርቀት ኤምቢኤ ይዘዋል፣ በ1995 እ.ኤ.አ.።

አመራር በተግባር የሚሰጠው በቡድን ሥራ ነው። አምስት ስም ይመዘገባል፤ አንዷ ሌሊቱን ቁጭ ብላ ትጽፋለች፣ ሦስቱ ለፎቶ ኮፒ ያዋጣሉ፣ በሥልጣን ከፍ ያለው ደግሞ ከረባቱን አስሮ ያቀርባል። ከዚህ የተሻለ የመሥሪያ ቤት ልምምድ ከየት ይመጣል?

ቴሲሱ ጋ ስንደርስ ግን ኮፍያ ማውለቅ ይገባል። ርእሱ ተማሪው ሳይወለድ የተዘጋጀ ይመስለኛል፦ «የአመራር ዘይቤ በሠራተኞች አፈጻጸም ላይ ያለው ተጽእኖ»፣ ከሥሩ የአንድ ባንክ ስም። የምርምር ዘዴ መጽሐፍ ጸሐፊው ኮታሪ ይጠቀሳል፤ ኮታሪ የሌለበት ምርምር ጨው የሌለው ወጥ ነው። ከዚያ የያማኔ ቀመር ይመጣል፤ 1,000 ሠራተኛ ካለ 286፣ 10,000 ካለ 385 ሰው ይጠየቃል። መጠይቁ ላይ «ለትምህርት ዓላማ ብቻ የሚውል» ይላል፣ እውነትም ከዚያ በኋላ ለሌላ ለምንም ዓላማ ውሎ አያውቅም። የባንኩ ገንዘብ ከፋይ ወረፋው በር ድረስ ተሰልፎበት «በጣም እስማማለሁ» የሚለውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች በአንድ ትንፋሽ ይሞላዋል። አለቃው በቆመበት ሌላ ምን ሊያደርግ ኖሯል? እያንዳንዱ ሰው አንዴ የመረጠውን ዓምድ ሳይለቅ ስለሚሞላ የአስተማማኝነት መለኪያው ከ0.7 በላይ ይወጣል፣ ሳይንስም ይደሰታል። የመፍትሔ ሐሳቡ የታወቀ ነው፤ ሥልጠና ይሰጥ።

ይህንንም ያህል ለመድከም ጊዜ የሌለው ሰው አይቸገርም። አዲስ አበባ የመብራት ምሰሶው ሁሉ ይጠራዋል፦ ፕሮፖዛል፣ ቴሲስ፣ የመረጃ ትንተና በኤስፒኤስኤስ፣ በጥራትና በፍጥነት። የቴሲስ ነጋዴው ያለፈውን ዓመት ሥራ ከፍቶ የባንኩን ስም ይቀይራል። አንዳንዴ ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የድሮው ባንክ ስም ተረስቶ ይቀራል፤ ይሄ እንግዲህ የንጽጽር ጥናት ነው። በነገራችን ላይ ከትምህርቱ አካባቢ እውነተኛ ቢዝነስ የሚሠራው ይኸው ሰው ብቻ ነው፤ ገበያ አጥንቷል፣ ደንበኛ ያውቃል፣ ዲግሪውን ግን አንድም ሰው አልጠየቀውም። ከ2016 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ለድኅረ ምረቃ ብሔራዊ የመግቢያ ፈተና ተበጅቷል። ለመግቢያው ፈተና ወጣለት፤ ለመውጫው ኪስ ይበቃል።

ወደ አገራችን ኋላ ቀርነት ስንመለስ ደግሞ እፍረት ይይዘናል። ከቢቸና አለፍ ብሎ ዲማ ጊዮርጊስ አለ። እዚያ የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ ለምኖ እየበላ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቀርባል። የትናንቱን ደግሞ ማምጣት አይችልም፤ የጓደኛውን ይዞ ቢመጣማ ጉባኤው ሳቁን ይለቅበታል። መጠይቅ የለ፣ ኮታሪ የለ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የለ፤ ያልተባለ ነገር ከራስህ አውጣ ነው የሚሉት። እንዲህ ያለ ጨካኝ ሥርዓት ውስጥ ማን ከረባት አስሮ ይመረቃል?

የዲፌንስ ፈታኞች ሆይ፣ ለስላሳውንና ኬኩን ከመቅመሳችሁ በፊት የጎጃም ልጅ ለሆነ ተመራቂ ይህችን ብቻ ጠይቁልኝ፦ አንድ ኩንታል ጤፍ ከእነብሴ ገበሬ እጅ ወጥቶ አዲስ አበባ እህል በረንዳ እስኪራገፍ ዋጋው የት የት ላይ ይጨምራል? ጭማሪውስ ማን ኪስ ይገባል? የሚመልስ ከተገኘ አንድም መጠይቅ ሳይበትን ዲግሪውን ስጡት። የማይመልሰውን ወደ ገበያ ላኩት፤ የጤፍ ነጋዴዎቹ ያለ ክፍያ ያስተምሩታል።