አቶ ኔጌቲቭ ዐረፉ

የተከበራችሁ ለቀስተኞች፣ ከሲልቨር ስፕሪንግም፣ ከዱባይም፣ ከነታንያም፣ ከፍራንክፈርትም የመጣችሁ፤ ወንበር ያልደረሳችሁ ወደ ድንኳኑ ውስጥ ጠጋ ጠጋ በሉ። ተራርቆ መቀመጥ ቀርቷል፤ ይህን ይቆጣጠሩ የነበሩት ሰውዬ አሁን ሳጥን ውስጥ ናቸው። እንደ ወጉ፣ እህል ከመቅመሳችን በፊት የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። የምትስቁ ሰዎች እባካችሁ በነጠላችሁ ተሸፈኑ።

አቶ ኔጌቲቭ፣ በመዝገብ ስማቸው «ከኮቪድ-19 ነጻ ስለመሆን የተሰጠ የጉዞ ማስረጃ»፣ ከአባታቸው ከአቶ ፒሲአር እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ስጋት በ2012 ዓ.ም ተወለዱ። አባታቸው የተከበሩ የላብራቶሪ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1983 አሜሪካዊው ኬሚስት ካሪ ሙሊስ አፈለቃቸው፤ እሱም በዚሁ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1993 የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ሙያቸው በዓይን የማይታይ ቁራጭ ዘረመል አባዝቶ ማሳየት ነበር፤ አንድ ልጃቸው አድጎ ኤርፖርት በር ላይ ዘበኛ ይሆናል ብለው አላሰቡም። በእናት ወገን አያታቸው ኳራንቲን ይባላሉ። የዛሬዋ ዱብሮቭኒክ፣ የያኔዋ ራጉሳ፣ እ.ኤ.አ. በ1377 ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣውን ሁሉ 30 ቀን ከከተማዋ ውጭ ታቆይ በነበረ ጊዜ የተወለዱ የጥንት ሰው ናቸው። የሟች ቁጣ ከእሳቸው የመጣ ነው ይባላል።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ አቶ ኔጌቲቭ ሲመጡ እልል ተብሎላቸዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጀመሪያው ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም ከተገኘ በኋላ፣ በዚያው ወር ቦሌ የሚወርድ መንገደኛ በራሱ ወጪ 14 ቀን ሆቴል እንዲቆይ ታዘዘ። እናቱን ሊያይ የመጣ ሰው፣ ከእናቱ ቤት በታክሲ ጥቂት ደቂቃ የሚርቅ ሆቴል ውስጥ ተኝቶ በስልክ ሲያወራት ሰነበተ። በኋላ ሟች መጡና «ወረቀቴን ይዘህ ቤትህ ግባ፤ 7 ቀን ብቻ እዚያው ተቀመጥ» አሉ። ከአሜሪካ መጥቶ፣ ሻንጣው ሳይከፈት፣ ጎረቤት ሳይስመው 7 ቀን የሚቀመጥ ሐበሻ የት እንደሚገኝ አልተናገሩም። ቢሆንም ሐሳቡ ደግ ነበር፤ የተዘጋ በር ከፍተዋል፤ ይህን ውለታቸውን መካድ ነውር ነው።

ጣጣው የመጣው ከሰዓት ቆጠራ ነው። ሟች በየአገሩ የተለያየ ዕድሜ ነበራቸው። ለኢትዮጵያ 120 ሰዓት ይኖራሉ። ለአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 26 ቀን 2021 ጀምሮ፣ 3 ቀን ብቻ። ዱባይ አንዴ 72 ሰዓት፣ አንዴ 48 ትላለች፤ ከአንዳንድ አገሮች ለሚነሳ መንገደኛ ደግሞ በረራው 6 ሰዓት ሲቀረው ኤርፖርት ውስጥ ሌላ ፈጣን ምርመራ ትጨምራለች። ቆጠራው የሚጀምረው ናሙናው ከአፍንጫ ከተወሰደበት ሰዓት ነው፤ ውጤቱ እስኪወጣ የሚያልፈው ጊዜ ከሟች ዕድሜ ላይ ይቀነሳል። ማብቂያውስ? ኢትዮጵያ አውሮፕላኑ እስኪያርፍ ትቆጥራለች፤ አሜሪካ እስኪነሳ። ከዋሽንግተን ደለስ ኤርፖርት እስከ ቦሌ 13 ሰዓት ያህል ይበረራል፤ ያ 13 ሰዓት በአንደኛው መንግሥት ዘንድ ዕድሜ ነው፣ በሌላኛው ዘንድ እንዳልኖሩት ነው። ባሕረ ሐሳብ የተማረ መሪጌታ የነነዌን ጾም ከነመባጃ ሐመሩ አስልቶ ይነግርሃል፤ የአቶ ኔጌቲቭን ዕድሜ ግን ቢያሰላ ቢያሰላ አይጨርሰውም ነበር።

ከዚያች ዕድሜ ላይ ደግሞ የሚበዛው ላብራቶሪ ውስጥ ያልቅ ነበር። አሜሪካ ውስጥ ነጻ ምርመራ ሞልቶ ሳለ፣ ውጤቱ በስንተኛው ቀን እንደሚደርስ የሚምልልህ አልነበረም። በዕለቱ አደርስልሃለሁ የሚለው በመቶ የሚቆጠር ዶላር ይጠይቃል። አራት ልጅ ያለው አባወራ ለአውሮፕላን ትኬት ሁለት ዓመት ያጠራቀመውን ለአፍንጫ ይጨምርበታል። ልጆቹ 10 ዓመት ካልሞላቸው ኢትዮጵያ ትምራቸዋለች፤ ወደ አሜሪካ ሲመለሱ ግን 2 ዓመት የሞላው ሁሉ ተመርማሪ ነው። የሁለት ዓመት ሕፃን አፍንጫ ውስጥ ዘንግ ሲገባ የያዘ አባት የሟችን ስም በደግ አያነሳም፤ ዛሬም ከድንኳኑ ጀርባ ቆመው ያልተቀመጡት እነሱ ናቸው። አልቃሿም ይህንኑ ይዛ ነው ሙሾ ያወረደችው፦

ሰባ ሁለት ሰዓት ቢሰጡትም ዕድሜ፣
ስድሳውን ጨረስኩት ላብራቶሪ ቆሜ።

ይህ ሁሉ ደክሞበት የሚገኘው ወረቀት የሚመሰክረው ስለ ከትናንት ወዲያ ነው። ሐሙስ ንጹሕ የነበረ ሰው ዓርብ ውጤቱን ለመውሰድ በተሰለፈበት ቦታ በሽታውን ሊይዝ ይችላል፤ ቅዳሜ ግን የሐሙሱን ወረቀት እያሳየ ይሳፈራል። ሟች ይህን ያውቁ ነበር። ማኅተማቸው ላይ ግን አይጽፉትም።

ትልቁ ወግ የተሠራው በ2014 ዓ.ም ገና ነው። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 26 ቀን 2021 ኦሚክሮን ስም ወጣለት። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በበኩላቸው 1 ሚሊዮን ዲያስፖራና የኢትዮጵያ ወዳጅ ለገና አገር ቤት እንዲገባ ጥሪ አቀረቡ። አሜሪካ ደግሞ ከዲሴምበር 6 ጀምሮ 3ቱን ቀን ወደ 1 ቀን አወረደችው። ሦስቱ በአንድ ሰሞን ተገናኙ። ሰው መጣ፤ ዶሮው ተበላ፣ ዘመድ ተሳሳመ፣ ጥምቀት ላይ ትከሻ ለትከሻ ተገጥሞ ተጨፈረ። የመመለሻው ዋዜማ ሲደርስ ግን ያ ሁሉ የተሳመ ጉንጭ በአንድ የአፍንጫ ዘንግ ሊመረመር ሆነ።

ያውም 1 ቀን ማለት 24 ሰዓት አልነበረም። ከበረራው ዕለት በፊት ያለው ቀን ማለት ነው፤ ቀኑም የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እኛ ቀን የምንጀምረው ከንጋት ነው። ስለዚህ በየቤቱ እንዲህ ያለ ክርክር ይነሳ ነበር፦ «ማታ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ ብመረመር የሐሙስ ነው የዓርብ?» «ሐሙስ ነዋ፣ ገና መች ነጋ?» «በፈረንጅ ግን ዓርብ ገብቷል እኮ አባዬ!» አባት የፈረንጅ ቀን በጨለማ መግባቱን ሰምተው ይበሳጫሉ፤ ልጅ ስልኩ ላይ ይቆጥራል፤ እናት «ልጄ፣ ሁለቱንም ቀን ተመርመርና ተገላገል» ብለው ይፈርዳሉ። ከሕጉ ሁሉ የእናት ፍርድ የተሻለ ነበር፤ ክፍያውን እጥፍ ማድረጉ ካልሆነ።

ከሁሉም የተመቸው መንገደኛ ታሞ የዳነው ነበር። ፒሲአር ከበሽታው ከዳንክ ሳምንታት በኋላም የቫይረሱን ስባሪ ሊያገኝብህ ይችላል። ስለዚህ አሜሪካ ባለፉት 90 ቀናት ውስጥ ፖዘቲቭ የሆነ ሰው ያንኑ የፖዘቲቭ ወረቀት፣ መጓዝ እንደሚችል ከሚመሰክር የሐኪም ደብዳቤ ጋር፣ ቢያቀርብ ትቀበለው ነበር። አቶ ኔጌቲቭ ከደመኛቸው ከአቶ ፖዘቲቭ ጋር በአንድ በር የገቡበት ዘመን መሆኑ ነው። ሰው ወረቀቱን እንደ ጠበል በፕላስቲክ ይዞ «እግዜር ይስጠው፣ በኅዳር አሞኝ ነበር» ሲል መስማት ብርቅ አልነበረም።

አንድ የማይፌዝበት ነገር ግን አለ፤ ድምፅ ቀነስ አድርጉ። በአገራችን አስከሬን አይቆይም። ዛሬ ያረፈ ነገ ይቀበራል። ውጭ ያለ ልጅ ለቀብር ባይደርስ እንኳ ለሰልስት ለመድረስ ይሮጥ ነበር። በሟች ዘመን ናሙናውን ሰጥቶ ውጤት ሲጠብቅ ሰልስቱ ያልፋል። ከደረሰም በኋላ ለቅሶ ቤቱ ሰው አይሰበስብም። በዚህ ድንኳን ውስጥ አባታቸውን በስልክ ቪዲዮ የቀበሩ ሰዎች አሉ። አቶ ኔጌቲቭ ሥራቸውን ነው የሠሩት፤ ለእነዚህ ሰዎች ግን የተለየ በር ማበጀት አይከብድም ነበር። የተረሳው ይህ ነው፤ እኔ በበኩሌ አልምራቸውም።

ሌላም አለ። ሟች ያልዘነጉት፣ እኛ ግን ዘግይቶ የገባን። ወረቀቱ የሚመረምረው አፍንጫ ነው፤ በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው ግን ፓስፖርትና የመነሻ አገር ነበር። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ማርች 19 ቀን 2021 ኢትዮጵያን በቀይ መዝገቧ አሰፈረች። ከዚያ ወዲህ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ሰው የእንግሊዝ ዜጋ ወይም ነዋሪ ካልሆነ፣ ኔጌቲቭ ቢይዝም ባይዝም አይገባም። ዜጋ ወይም ነዋሪ ከሆነ 1,750 ፓውንድ፣ በኋላም ከዚያ በላይ፣ ከፍሎ 10 ቀን ሆቴል ይዘጋበታል። መዝገቡ የተፋቀው በኦክቶበር 11 ነው። እስራኤል በዚያው ዓመት በሜይ ወር ዜጎቿ ወደ ኢትዮጵያና ወደ ሌሎች 6 አገሮች እንዳይሄዱ ከለከለች፤ ግማሽ ቤተሰቡ ጎንደር፣ ግማሹ አሽዶድ ለሆነ ሰው ይህ ምን እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ሳዑዲ ዐረቢያ በጁላይ፣ ኤምሬትስ በዲሴምበር 25 በተራቸው ዘጉ። ዱባይ ሄዶ ዕቃ ሊያመጣ ወረቀቱን የያዘ ነጋዴ፣ በሕይወት ያለ ኔጌቲቭ በእጁ ይዞ መርካቶ ተመለሰ።

ወራሾችን በሚመለከት፦ ሟች ብዙ የውጭ ልጆች እንዳሏቸው የታወቀው ገና በሕይወት ሳሉ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ፓሪስ ሻርል ደጎል ኤርፖርት ውስጥ ሐሰተኛ የኔጌቲቭ ወረቀት ከ150 እስከ 300 ዩሮ ሲሸጡ የነበሩ 7 ሰዎች ተይዘዋል። የሐሰተኞቹ ወረቀቶች ፊት ቁርጥ አባታቸውን ነበር፤ አፍንጫ ሳይነካቸው መወለዳቸው ብቻ ነው ልዩነቱ። ዛሬ ከመካከላችሁ «እኔም ልጃቸው ነኝ» የሚል ካለ እድሩ አያስተናግድም። በአደራ ያሳደጉት አንድ ሕጋዊ ወራሽም ነበረ፤ የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር ያወጣው የስልክ መተግበሪያ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2021 ሞክሮት ነበር። ልጁ ስም ሳያተርፍ አባቱን ተከተለ።

አቶ ኔጌቲቭ በአሜሪካ ያረፉት ሰኔ 5 ቀን 2014 ዓ.ም ነው፤ በምሥራቅ አሜሪካ ሰዓት እኩለ ሌሊት ካለፈ 1 ደቂቃ፣ በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ1 ደቂቃ። ዕለቱ እሑድ፣ ጰራቅሊጦስ ነበር። በማግስቱ የሐዋርያት ጾም ስለገባ ለቀስተኛው በሽሮ ተሸኝቷል፤ ለሟች የሚገባም እሱ ነው። መንግሥት የሞቱበትን ምክንያት ሲናገር ክትባትና መድኃኒት ስለተስፋፋ አያስፈልጉም አለ። በሌሎች አገሮች በየተራ፣ ያለ ጥሩንባ ተቀበሩ። ታናሽ እህታቸው፣ ለውጭ ዜጋ የታዘዘችው የክትባት ካርድ፣ አሜሪካ ውስጥ እስከ ግንቦት 2015 ዓ.ም ቆይታ ተከተለቻቸው። ይቅርታ የጠየቀ፣ ለምርመራ የተከፈለውን የመለሰ የለም።

ከቤተሰቡ የቀሩት ታላቅ ወንድማቸው ብቻ ናቸው፤ እዚያ ፊት ለፊት የተቀመጡት፣ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃ፣ ሁላችሁ ቢጫ ካርድ የምትሏቸው። እሳቸው ሰዓት አይቆጠርባቸውም። በፊት 10 ዓመት ነበር የሚኖሩት፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 11 ቀን 2016 ጀምሮ ግን በዓለም የጤና ድርጅት ደንብ መሠረት ለባለቤታቸው ዕድሜ ልክ ያገለግላሉ፣ ቀድሞ የተሰጡትም ጭምር።

እንግዲህ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ከመሄዳችሁ በፊት የፓስፖርት መያዣችሁን ክፈቱ። የታጠፈ የኔጌቲቭ ወረቀት ካለ አውጥታችሁ ጣሉት፤ የትም አያስገባም። ቢጫ ካርዱን ግን መልሱት፤ አሁንም በር ላይ የሚጠይቁት አገሮች አሉ።