ቢጫ ጀሪካን፦ አኗኗሩ፣ አሟሟቱና የክዳኑ ጉዳይ

የአካባቢ ጥበቃ ሊቃውንት ስለ ቆሻሻ ሲያስተምሩ መጀመሪያ መቀነስን፣ ቀጥሎ መልሶ መጠቀምን፣ ከዚያም አቅልጦ እንደገና ማምረትን ያዛሉ፤ ይህን ቅደም ተከተል በመሰላል መልክ እ.ኤ.አ. በ1979 ለአገሩ ፓርላማ ያቀረበው ሆላንዳዊው አድ ላንሲንክ ነው። ላንሲንክ መሰላሉን ሲሠራ ጀሪካን የማይጣልባቸውን ከተሞች፣ የማቻክሏን አማኑኤልን፣ ቢቸናንም ሆነ ሞጣን፣ አለማየቱ እንደ ጥናት ጉድለት ሊመዘገብ ይገባል፤ አይቶ ቢሆን ኖሮ ለጀሪካን ብቻ አንድ እርከን ባስቀመጠ ነበር።

ጀሪካን ማለት እጀታ ያለው የፈሳሽ መያዣ ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ወታደሮች ጀርመኖችን «ጄሪ» እያሉ ይጠሩ ስለነበርና የነዳጅ መያዣቸውን ስለወደዱላቸው ነው። ያኛው ብረት ነበር፤ እዚህ የሚጠናው ግን ዘይት ይዞ የሚመጣው ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ፕላስቲክ ሲሆን፣ ዘይቱ ያለቀ ዕለት ሥራ የሚጀምር ዕቃ ነው።

በመጀመሪያ ሙቅ ውሃ፣ አመድና ጠጠር ተጨምሮበት እስኪንኳኳ ይናጣል፤ የዘይቱ ሽታ ሳይለቅ ቢቀር ቤተሰቡ ውሃውን ከነሽታው ይጠጣል እንጂ ጀሪካኑን አይወቅስም። እንስራን ከሴቶች ጀርባ ያወረደው እርሱ ነው፤ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ቦኖ ላይም ባለቤቱን ወክሎ ይሰለፋል፤ እጀታው ላይ የተቋጠረችው ቁራጭ ጨርቅም መታወቂያው ናት። ከዚህ ወደ ጠላ መያዣነት ሊያድግ ይችላል፤ ነገር ግን እንደ ጋን በወይራ ስለማይታጠን፣ በጠማቂዎች ዘንድ ማዕረጉ እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው።

ሲያረጅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም በጋለ ቢላዋ በቀለጠ ፌስታል ይደፈናል። እዚህ ላይ ሕግ ጣልቃ ይገባል፤ አዋጅ ቁጥር 513/1999 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ ፌስታል የማምረቻና የማስገቢያ ፈቃድ እንዳይሰጥ ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን ጨርሶ የሚያግድ አዋጅ አጽድቋል። ስለዚህ የመድፈኛው አቅርቦት ያሰጋል፤ በየፍራሹ ሥር ተጣጥፎ የተቀመጠው ክምችት ግን በቀላሉ የሚያልቅ አይመስልም።

መደፈን ያልቻለው ለሁለት ይቆረጣል፤ አናቱ ተገልብጦ ነጭ ጋዝ ማንቆርቆሪያ፣ ታቹ የዶሮ ውሃ መጠጫ ወይም በደጅ የጤና አዳም መትከያ ይሆናል፤ የተረፈውን ቆራሌው ይወስደዋል። የቤቱ እማወራ ይህን ሁሉ የምታደርገው የምድር ሙቀት አሳስቧት አይደለም፤ ባዶ ጀሪካን ገበያ ላይ ዋጋ አለው። ለምን እንደማትጥለው ብትጠየቅ «ምኑ ሁኖ ይጣላል?» ከማለት የራቀ ማብራሪያ አይገኝባትም፤ ላንሲንክም ቢሆን በመሰላሉ ከዚህ የበለጠ አላለም።

በዚህ ሁሉ ዕድሜ ውስጥ ያልተፈታው ችግር ክዳኑ ነው። ክዳን ከጀሪካኑ ቀድሞ ይጠፋል፤ ቦኖ ላይ ይረሳል ወይም ልጆች ለመኪናቸው ጎማ ያደርጉታል፤ በምትኩም ፌስታል የተጠቀለለበት ቆረቆንዳ ይወተፍበታል። ቆረቆንዳ ውሃ ሲነካው ያብጥና አፉን ግጥም አድርጎ ይይዛል፤ ችግሩ ሲደርቅ መላቀቁ ነው። እንግዲህ ቢጫ ክዳን መንገድ ላይ ወድቆ ያየ አንባቢ አንሥቶ ቦኖው ጠርዝ ላይ ያስቀምጥ፤ ባለቤቱ ነገ ጠዋት ለወረፋ ይመጣል።